ሞተሩ ዝም ሲል

አንድ ሰው ብቻ የምትይዘውን ትንሽ አውሮፕላን በገዛ እጁ የሠራት እስራኤል ውስጥ አፉላ ኢሊት ይኖር የነበረ ሽማግሌ ጎረቤታችን ነው። ክንፏ እንጨትና ሸራ፣ ሞተሯ ከአሮጌ መኪና የወጣ። እሱ ሲሞት ባለቤቱ፣ ቆማ ከምትበሰብስ እናንተ አብርሯት ብላ ለእኔና ለታናሽ እህቴ ሰጠችን። እኔ በውትድርና የአውሮፕላን መካኒክ ነበርኩ፤ እህቴ ደግሞ የአብራሪነት ፈቃድ አላት።

የበሰበሰውን እንጨት ቀየርን፣ አዲስ ሸራ አለበስናት፣ ሞተሩን ፈታትቼ ገጠምኩ። የበረራ ደኅንነት ተቆጣጣሪው አይቶ እንድትበር ፈቀደ። መሬት ላይ ስናስነሣው ሞተሩ ምንም እንከን አልነበረውም።

ከሳምንት በኋላ፣ የመጀመሪያው በረራ ቀን፣ እናታችን ካልሄድኩ አለች። ከጊቫት ሃሞሬ ኮረብታ አብራን ወረደች። ማኮብኮቢያው ዳር እህቴ ወደ ጎን ሳብ አደረገችኝ።

«ገና ከፍ ሳልል ሞተሩ ቢጠፋ አልመለስም። ፊት ለፊት ያገኘሁት እርሻ ላይ ነው የማርፈው። እንዳትደነግጥ» አለችኝ።

«በሴዴር፣ እሺ» አልኳት።

ተነሣች። ባሕር ዛፎቹን እንዳለፈች የሞተሩ ድምፅ ይቆራረጥ ጀመር፤ ከዚያ ጭራሹን ጠፋ። እናቴ ክንዴን ጨብጣ ለምን ዝም አለ ስትል ጠየቀችኝ። ዓይኔ ክንፉ ላይ ነበር። ልመለስ ብላ ብታዞራት ፍጥነቷን አጥታ እንደምትወድቅ አውቃለሁ። አላዞረችም። የአውሮፕላኗን አፍንጫ ዝቅ አድርጋ ቀጥ ብላ ሄደች፤ ከዛፎቹ ጀርባ ተሰወረችብን።

ወደ መኪናው ስሮጥ እናቴ ቀድማኝ ገብታለች። በአቧራማው የእርሻ መንገድ ስንበር የተናገረችው «ፍጠን» የሚል ቃል ብቻ ነበር።

አውሮፕላኗን ስንዴው የታጨደበት ማሳ ላይ በአንድ ክንፏ ተደግፋ አገኘናት፤ አንዱ ጎማዋ ተሰብሯል። እህቴ ገለባው ላይ ተቀምጣለች። እናቴ የእህቴን ፊት፣ እጅ፣ እግር ዳሰሰች። ከዚያ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ቤንዚን አልደረሰው ብሎ ነው የጠፋው፤ እስኪ እየው» አለችኝ እህቴ።

የቤንዚን ታንከሩን ክዳን ስከፍት አየር በኃይል ሳበ። ወደ ታንከሩ አየር የምታስገባው ቀጭን ቱቦ በጭቃ ተደፍናለች፤ አየር ካልገባ ደግሞ ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ አይወርድም። ለካ በዚያች ሳምንት ተርብ ቤቱን ሠርቶባታል። ጭቃውን በሽቦ አወጣሁት።

እናቴ አውሮፕላኗን እንደገና እንጠግናት እንደሆነ ጠየቀች። እህቴ አዎ አለች።

«እንግዲያውስ ያችን ቀዳዳ እኔ እሸፍናታለሁ» አለች እናቴ።

ከመነሣት በፊት ማውለቁ እንዳይረሳ ከቀይ ጨርቅ ረጅም ጭራ ያላት ቆብ ለቱቦዋ ሰፋችላት። ጎማው ተጠግኖ እህቴ እንደገና ልትነሣ ስትል ቆቧን ያወለቀችው ራሷ እናቴ ናት። አውሮፕላኗ ሸለቆውን ዞራ በሰላም እስክታርፍ እናቴ አንዴም ቀና አላለችም። ዓይኗን ጨፍና ድምፁን ብቻ ታዳምጥ ነበር።