መርከቡ የማይጠብቃቸው ሰባት ሰዎች

ቱርዲስ ሄግላንድና እኔ የእህትማማቾች ልጆች ነን፤ ቤቶቻችንንም የሚለየው አንድ የእንጨት አጥር ነው። የእኔ ሥራ ወደቡ ላይ ነው፤ መርከብ ሲገባ ገመዱን ተቀብዬ አስራለሁ፣ ሲወጣ ፈትቼ እለቃለሁ። ስለዚህ ከምነግራችሁ ግማሹን በዓይኔ ያየሁት ነው፤ ግማሹን ከራሷ አፍ የሰማሁት።

መንደራችን ሊስቫግ ፊቷ ባሕር፣ ጀርባዋ ገደል ነው። ሁለት መቶ ሠላሳ ነዋሪ አላት። በበጋ፣ ከግንቦት እስከ ነሐሴ፣ በሳምንት አራት ቀን የእኛን አሥር እጥፍ ሰው የጫነ የሽርሽር መርከብ ይመጣና ፀሐያችንን ጋርዶ ይውላል፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ይሄዳል። የቱርዲስ ባል ወደ ከተማ ከሄደ ቆይቷል። «ዛሬ ድንጋይ ይወድቅብኛል፣ ነገ ይወድቅብኛል እያልኩ ከገደል ሥር መተኛት ሰለቸኝ» ብሎ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። እሷ አልሄደችም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነዳች፤ የመንደሩ ልጆች ቁጥር አንሶ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ደግሞ ስምንት ሰው የምትጭን ሚኒባስ ገዝታ ቱሪስቶችን ወደ ተራራው ሐይቅ ማውጣት ጀመረች።

መርከቡ የራሱ አውቶቡሶች አሉት። ለአንድ ሰው የሚያስከፍሉት ቱርዲስ ከምትጠይቀው እጥፍ ነው፤ ሐይቁ ዘንድ የሚያቆዩትም ሃያ አምስት ደቂቃ ብቻ። ቱርዲስ ግን የአንዲት አሮጊት ገበሬ ቤት ታስገባቸዋለች፤ ዋፍል የሚባል ትኩስ ቂጣ በቡናማ አይብ ትጋብዛቸዋለች፤ ዝናብ ከሆነ ዝናቡ እስኪያባራ ትጠብቃለች። ይህን ያወቁ ከአገራቸው ሳይነሱ ይጽፉላትና ቦታ ይይዛሉ። የመርከቡ ሰዎች በበኩላቸው በየማታው በድምፅ ማጉያ «በራሳችሁ የምትወጡ ሰዎች፣ ብትዘገዩ መርከቡ አይጠብቃችሁም፤ የሚጠብቀው የእኛን አውቶቡስ ብቻ ነው» ይላሉ። ውሸት አይደለም። ሰው ግን ይፈራል። ቱርዲስም ፍርሃቱን ለመስበር ሰሌዳዋ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ካዘገየኋችሁ እስከሚቀጥለው ወደብ በራሴ ወጪ አደርሳችኋለሁ።» በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አላዘገየችም።

ይህ ነገር በሆነበት ዓመት፣ በረዶው ሳይቀልጥ፣ የመርከቦቹን ጉብኝት የሚያሰናዳው ድርጅት ስኩሌን ቤቷ ላከባት። ስኩሌ የመንደራችን ልጅ ነው፤ በልጅነቱ አውቶቡሷ ውስጥ በየኩርባው ያስታውክ ነበር።

«ቱርዲስ፣ ከእኛ ጋር ግቢ» አላት ጫማውን በር ላይ እያወለቀ። «ደመወዝ አለሽ፣ ኢንሹራንስ አለሽ። በግል መጫን ግን ይቀራል።»

«ባልገባስ?»

«ወደቡ ላይ የሚቆሙት ውል ያላቸው መኪኖች ብቻ እንዲሆኑ እየተነጋገርን ነው።»

«እየተነጋገራችሁ ነው ወይስ ጨርሳችኋል?»

ስኩሌ ስኒውን አዟዟረ። «በዚህ በጋ አይደለም» አላት።

«እንግዲያውስ በዚህ በጋ እሠራለሁ። አሁንም ኩርባ ላይ ያስመልስሃል?»

ሳቀ። እሷም ሳቀች። እሱ ከወጣ በኋላ ግን ወጥ ቤቷ ውስጥ መብራት ሳታበራ እንደተቀመጠች በአጥሩ በኩል አየኋት።

ሰኔ ላይ ነው ነገሩ የሆነው። ሰባት ሰው ጭና ወጣች። ዴዝመንድ የሚባሉ ጡረተኛ እንግሊዛዊና ሚስታቸው ሞሪን፣ ሦስት ጀርመናውያን እህትማማቾች፣ ደግሞ አንድ ካናዳዊ ከነሚስቱ። ሐይቁን አይተው፣ ዋፍላቸውን በልተው፣ በጉም ውስጥ ወደ መንደሩ ሲወርዱ ከፊታቸው የመርከቡ አውቶቡስ ይሄድ ነበር። ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ ሦስተኛው ኩርባ ሥር እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማ፤ አውቶቡሱ ቀጥ አለ። ከፊቱ ሠላሳ ሜትር ላይ ቤት የሚያህል ቋጥኝ መንገዱን ዘግቶታል፤ ትናንሽ ድንጋዮችም ከላይ መንጠባጠባቸውን አላቆሙም።

ቱርዲስ ወዲያው አሰላች። ሚኒባሷ ባለችበት መዞር ትችላለች። ወደ ሐይቁ ተመልሳ፣ በተራራው ማዶ ወርዳ፣ ለዘጠኝ አሥር ጉዳይ የምትነሳውን መኪና አሻጋሪ ጀልባ ከደረሰች፣ አሥር ከሃያ ላይ ወደብ ትገባለች። ያቺ ጀልባ ካመለጠቻት ቀጣይዋ አሥር ከሃያ ላይ ነው የምትነሳው፤ ያን ጊዜ አሥራ አንድ ሰዓት አለፈ ማለት ነው።

መሪውን ማዞር ጀመረች። በዚህ መሐል አውቶቡሱ ወደ ኋላ ሲንፏቀቅ የኋላ ጎማው ከአስፋልቱ ወጣ፤ ጀርባው ወደ ገደሉ ዘመም አለ። ከውስጥ ጩኸት ተሰማ።

ፍሬን ይዛ ወረደች። ሹፌሩ ጊንታራስ የሚባል ሊቱዌኒያዊ ነው፤ ሜዳ አገር ሃያ ዓመት የነዳ፣ እኛ ዘንድ ከመጣ ወሩ። መሪውን ሙጭጭ አድርጎ ይዟል። አጠገቡ ሆላንዳዊቷ አስጎብኚ ፌምከ ስልክ ጆሮዋ ላይ ደቅና ቆማለች።

«ሰዎቹን አውርጂና በእግራቸው ወደ ላይ ይውጡ» አለቻት ቱርዲስ። «ድንጋይ እየወረደ ነው።»

«ያለ ፈቃድ ማውረድ አልችልም። አለቃዬን እየጠበቅሁ ነው።»

«ድንጋዩም አለቃሽን የሚጠብቅ መሰለሽ?»

ፌምከ ቀና ብላ ገደሉን አየችና ስልኩን ዘጋች። አርባ ስምንት ሰው በዝናብ ውስጥ አንድ በአንድ ወረደ፤ ከዘራ ያለው በከዘራ፣ የሌለው ተደጋግፎ። ጊንታራስ ግን ከወንበሩ አልተነሳም።

«አልችልም» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ብነካው ይገለበጣል።»

ቱርዲስ ወደ ሚኒባሷ ተመለሰች። ካናዳዊው መስኮቱን አውርዶ ይጠብቃታል።

«ምን ሆነሽ ነው የማንሄደው?»

«አውቶቡሱን ላውጣላቸው ነው። አሥር ደቂቃ ስጡኝ።»

«ስሚ እንጂ! እሱ የመርከቡ አውቶቡስ ነው። እነሱን መርከቡ ቀኑን ሙሉ ይጠብቃቸዋል። እኛን ማን ይጠብቀናል?»

«ቃል ገብተሽልን የለም ወይ?» አለች ሞሪንም ከኋላ ወንበር። «የዴዝመንድ የልብ መድኃኒት መርከብ ላይ ነው ያለው። በአሥራ ሁለት ሰዓት መዋጥ አለበት።»

ቱርዲስ ዴዝመንድን አየቻቸው። እሳቸው ወደ ገደሉ ጫፍ ነበር የሚያዩት። «እኔ እንጃ» አሉ፤ «ሰውየው ብቻውን ቀርቷል እኮ።»

በኋላ ስታጫውተኝ «እዚያች ላይ ነው የተያዝኩት» ነው ያለችኝ። «ብሄድ ሰው ጥላ የሄደች ሹፌር እሆናለሁ። ብቀር ቃሌን በላሁ። ሁለቱም እኔው ነኝ። በአንዱ በኩል እንኳ የምወጣበት ቀዳዳ አልነበረም።»

ሚኒባሷን ወደ ላይ፣ ድንጋይ ወደማይደርስበት፣ መኪኖች ወደሚተላለፉበት ሰፊ ማሳለፊያ ወስዳ አቆመችና ተመልሳ በእግሯ ወረደች። ጊንታራስን ከመሪው አስነስታ መንገዱ ላይ አቆመችው፤ ጎማውን እያየ በእጁ እንዲያመለክታት። ጎማው ሥር ድንጋይ አስደገፉ። ከዚያ ስፖኪዮው ጉም ብቻ በሚያሳይበት፣ አሥራ ሁለት ሜትር የሚረዝመውን አውቶቡስ በኋላ ማርሽ፣ ክንድ በክንድ፣ ስድስት መቶ ሜትር ወደ ላይ ወሰደችው። በመሐል አንድ ኩርባ ነበር። እዚያ ላይ ሦስት ጊዜ ሞከረች። አንዴ የጊንታራስ ጩኸት ባያስቆማት ኖሮ ከነአውቶቡሱ ገደል ትገባ ነበር። አሥር ደቂቃ ያለችው ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ። ማሳለፊያው ላይ አዙራ ስታቆመው ሰዉ አጨበጨበ። ከሰባቱ ግን ያጨበጨበ የለም፤ ካናዳዊው ሰዓቱን ነበር የሚያየው።

ጊንታራስ አውቶቡሱን ሊረከባት እጁን ዘረጋ፤ ዓይኑ ግን አሁንም ገደሉ ላይ ነበር።

«አንተ የእኔን ሚኒባስ ንዳ፤ ትንሽ ናት፣ አታስቸግርህም» አለችው። «ስማ፣ ከስፖኪዮዬ ከጠፋህ እቆማለሁ።»

«አንቺ እኮ ከሹፌሮቻችን ዝርዝር ውስጥ የለሽም» አለች ፌምከ።

«እንግዲያው ዝርዝሩ ይንዳው።»

ፌምከ ፈገግ አለችና ገብታ ተቀመጠች።

ጀልባዋ ጋ ሲደርሱ አምልጣቸዋለች። ከአንድ ሰዓት በላይ ባሕሩ ዳር ቆሙ። ከፊት ውኃ፣ ከኋላ ተራራ፤ ካፌ የለ፣ መጠለያ የለ። ፌምከ መርከቡ ላይ ያለውን ኃላፊ አገኘችውና ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ስንት ናችሁ?» አለ።

«ሃምሳ አምስት።»

«ዝርዝሬ አርባ ስምንት ነው የሚለው።»

«ሰባቱ በራሳቸው የወጡ ናቸው። አውቶቡሳችንን ያወጣችልን የእነሱ ሹፌር ናት።»

«አውቶቡሱ እስኪመጣ እንጠብቃለን» አለ ኃላፊው። «ስለ ሌሎቹ ቃል መግባት አልችልም።»

ሞሪን ፊቷን አዞረች። ዴዝመንድ ፊታቸው አመድ መስሎ ሚኒባሷ ደረጃ ላይ ተቀምጠዋል። ቱርዲስ ዳቦዋን አውጥታ ብትሰጣቸው አንድ ጊዜ ገመጡና መለሱላት። እዚያ ቆማ ያሰበችውን ነግራኛለች፦ መርከቡ ጥሏቸው ቢሄድ የሚቀጥለው ወደብ አምስት ሰዓት መንገድ ነው፤ ሰሌዳዋ ላይ የጻፈችው ደግሞ «አደርሳችኋለሁ» የሚል ብቻ ነው። መድኃኒት የለበትም፤ ሐኪም የለበትም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው የተማመነው በዚያች አንድ መስመር ነበር።

እኔ ወደቡ ላይ ነበርኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ «ገመድ ፍታ» የሚል ትእዛዝ ጠበቅሁ፤ «ቆይ» አሉኝ። ሩብ ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት። ከላይ ሰው ሁሉ በረንዳው ላይ ተደርድሮ መንገዱን ያያል። ለአሥራ ሁለት አሥር ጉዳይ ሲሆን አውቶቡሱ በባሕሩ ዳር መንገድ ብቅ አለ፤ መሪው ላይ ያለችው ቱርዲስ መሆኗን ሳይ ዓይኔን አላመንኩም። ወደቡ በር ላይ ሲደርስ ግን አልገባም። ጥግ ይዞ ቆመ።

«ግባ እንጂ!» ብሎ ጮኸ የመርከቡ ሰው።

ቱርዲስ በመስኮት እጇን አውጥታ ሚኒባሷ እንድታልፍ ምልክት ሰጠች። ጊንታራስ በአጠገቧ አልፎ ቀድሞ ገባ። መርከቡ ያለ አውቶቡሱ አይሄድምና፣ ሰባቱ ወርደው የመርከቡን መሰላል እስኪወጡ ድረስ አውቶቡሱ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ በኋላ ነው አርባ ስምንቱን ያስገባችው። ዴዝመንድ መሰላሉ ላይ ቆም ብለው ባርኔጣቸውን ወደ እሷ አነሡ፤ ሞሪን እጃቸውን ይዛ ጎተተቻቸው።

በሳምንቱ ድርጅቱ አበባ ላከላት። በዚያው ሳምንት የካናዳዊው ሚስት ኢንተርኔት ላይ አንድ ኮከብ ሰጥታ «የከፈልነውን እኛን ዝናብ ላይ አቁማ ሌሎችን ስትረዳ ዋለች፤ መርከቡ ሊያመልጠን ነበር» ብላ ጻፈችባት።

«ዋሽታለች እንዴ?» አለችኝ ቱርዲስ ስልኳን እያሳየችኝ።

«ገደል ላይ የተንጠለጠለውን አውቶቡስ ለምን ዘለለችው?» አልኳት።

«እሱን ተወው። ከጻፈችው ውስጥ ውሸት አለ?»

አስተያየቱን ያነበቡ ሰዎች ሐምሌና ነሐሴ ላይ የያዙትን ቦታ ሰረዙ። ኅዳር ላይ ደግሞ የወደቡ ደብዳቤ መጣ፤ ስኩሌ ያለው ሆነ። ውል የሌለው መኪና ከእንግዲህ የሚቆመው ከወደቡ ርቆ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ነው። የካቲት ላይ ፈረመች። ስኩሌ ውሉን ይዞ ሲመጣ እኔም ነበርኩ፤ አንድ ጊዜ እንኳ ሳታነብ ነው የፈረመችው።

«ምነው?» አልኳት ከሄደ በኋላ። «እንቢ ብትይ መንደሩ ካንቺ ጋር ነበር።»

«ያን ቀን ሰዎቼ የተረፉት መርከቡ የሚጠብቀው አውቶቡስ አብሮን ስለነበረ ነው» አለች። «ብቻዬን ብሆንና ከኋላዬም ናዳ ቢዘጋብኝስ? ዴዝመንድን በምኔ ላድናቸው? የማልችለውን ነው ስሸጥ የኖርኩት። ግን ደግሞ የድርጅቱ ሰዎችም አውቀው ነው ሌላ መንገድ ያላስቀሩልኝ።»

አሁን የድርጅቱን ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሳ ሦስተኛውን አውቶቡስ ትነዳለች። በጆሮ ማዳመጫው የሚያወራው የተቀዳ ድምፅ ነው፤ ሐይቁ ዘንድ ሃያ አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ ጥሩምባ። ጊንታራስን በመጋቢት እሑድ እሑድ በባዶ አውቶቡስ ኩርባዎቹን አስተማረችው፤ አሁን ከእኛ ልጆች ይሻላል። ከእኔ ጋር ስንቀመጥ ስለ ዓሣና ስለ አየር እንጂ ስለ ሥራዋ አታወራም።

ባለፈው ነሐሴ አንዲት ሴት ከመርከቡ ብቻዋን ወርዳ፣ ሰደርያዋን እያየች፣ ወደ እሷ መጣች። እኔ ገመድ እየጠቀለልኩ ነበር።

«ይቅርታ» አለች ሴትዮዋ፤ «በመርከቡ አውቶቡስ ልሂድ ወይስ በራሴ? አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?»

ፌምከ ዝርዝሯን ይዛ አጠገባቸው ቆማለች። ውሉ ሰው ወደ ግል መኪና መምራትን እንደሚከለክል ሁላችንም እናውቃለን።

«መንገዱ ክፍት ከሆነ በራስሽ ይሻላል» አለች ቱርዲስ። «ከተዘጋ ግን መርከቡ አይጠብቅሽም። ማንም ሌላ ነገር ቢነግርሽ እንዳታምኚ።»

«ዛሬስ ክፍት ነው?»

«ጠዋት ክፍት ነበር።»

ሴትዮዋ አመስግና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቅጣጫ፣ አንድ የግል ታክሲ ብቻ ወደሚቆምበት ሄደች። ፌምከ ምንም እንዳልሰማች ሆና ስም መጥራት ቀጠለች። ቱርዲስ ገብታ ሞተሩን አስነሣች።