የተጠባባቂው ጫማ

ሐይቅ ከተማ ለሥራ በመጣሁበት ቀን የቀረበልኝ የመጀመሪያ ጥያቄ «የትኛውን ጾም ነው የምትጾመው?» የሚል ነበር።

ጠያቂው ጋሽ ይመር ናቸው። የእህል መጋዘኑ የንብረት ክፍል ኃላፊ፣ የመጋዘኑ እግር ኳስ ቡድን ደግሞ አሰልጣኝ ነበሩ። እኔ ከውጫሌ የመጣሁት ግብ ጠባቂ ይፈለጋል ሲባል ሰምቼ ነው። ስለ ቁመቴ፣ ስለ ዝላዬ፣ ቢበዛ ስለ ጉልበቴ እጠየቃለሁ ብዬ ተዘጋጅቻለሁ። ስለ ጾም አልተዘጋጀሁም።

«የክርስቲያኑን» አልኳቸው እየፈራሁ።

«በጣም ሸጋ። ሙስሊም አለኝ። የጎደለኝ ክርስቲያን ነበር።»

ከዚያ ዕቅዳቸውን አስረዱኝ። ሰይድ የሚባል ጎበዝ ግብ ጠባቂ አላቸው። ረመዷን ሲገባ ይደክምባቸዋል። ስለዚህ በረመዷን እኔ እቆማለሁ፣ በሁዳዴ ሰይድ ይቆማል። ዓመቱን ሙሉ አንድ የጠገበ ግብ ጠባቂ ከእጃቸው አይጠፋም።

«እርስዎስ ጋሽ ይመር?» አልኳቸው። ይመር የሚለው ስም በኛ አገር የባለቤቱን ሃይማኖት አይናገርም።

«እኔ ሁለቱንም አከብራለሁ።»

«ይጾማሉ?»

«በዓላቱን ነው ያልኩህ።»

በደመወዝ የተቀጠርኩት በጥበቃ ሠራተኝነት ነው። በሜዳ ማዕረጌ ተጠባባቂ ግብ ጠባቂ ነው። ማታ ጥበቃ፣ ቀን ተጠባባቂ፣ ዕድል ከቀናኝ ጠባቂ። በአማርኛ ዘብ የቆመም ይጠብቃል፣ ተራ የያዘም ይጠብቃል። ሁለቱን ሥራ በአንድ ግስ ያስቀመጠው ሰው ማን እንደሆነ ባላውቅም፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ እንደሚያውቅ እገምታለሁ።

የጋሽ ይመር ዕቅድ አንድ ጉድለት ነበረው። የሠራተኞች ውድድር የሚካሄደው በበጋ ነው። እኔ በተቀጠርኩበት ዘመን ደግሞ ረመዷን የሚውለው ክረምት ላይ፣ ሜዳው ውሃ ቋጥሮ ከብት ሲግጥበት ነበር። በበጋ ያለው ትልቅ ጾም ሁዳዴ ነው። ስለዚህ ጨዋታ ባለ ቁጥር የጠገበው ሰይድ ነው፣ የራበኝ እኔ። ክረምት ሲመጣ ባብዛኛው እኔ እጠግባለሁ፤ የሚገጥመኝ ግን ላም ብቻ ነው።

ይህን ለጋሽ ይመር አስረዳኋቸው። ጥቂት አሰቡና «አትቸኩል፤ ረመዷን በየዓመቱ ወደዚህ እየቀረበ ነው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ረመዷን በየዓመቱ ጥቂት ቀናት እየቀደመ ይመጣል። ከክረምት ወደ ሰኔ፣ ከሰኔ ወደ ግንቦት ሲጠጋ በዓይኔ እከታተለው ነበር። ረመዷንን የኔን ያህል በጉጉት የጠበቀ ክርስቲያን ከሐይቅ እስከ ውጫሌ ያለ አይመስለኝም።

እስከዚያው ሥራዬን ተማርኩ። ተጠባባቂነት ሥራ መሆኑን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ሰው የሚያውቀው አንድ ታሪክ ብቻ ነው፤ የተናቀው ተጠባባቂ በመጨረሻው ደቂቃ ይገባል፣ ፍጹም ቅጣት ምት ያድናል፣ በትከሻ ይወጣል። ይህን ታሪክ በብዙ መጽሐፍ አንብቤዋለሁ። ጥበቃ ቤት ውስጥ ከማንበብ በቀር ምን ይሠራል? አንድ ነገር ግን አስተውያለሁ። ታሪኩ ውስጥ ተጠባባቂው ከመግባቱ በፊት ለዓመታት ምን ሲሠራ እንደኖረ ጸሐፊው አይነግረንም። ምንም እንዳልሠራ ነው የሚቆጥረው።

የሚሠራው ይህ ነው። ከጨዋታ በፊት ዋናውን ግብ ጠባቂ የሚያሟሙቀው ተጠባባቂው ነው። የመጀመሪያዎቹን ኳሶች ለስለስ አድርገህ እጁ ላይ ትሰጠዋለህ። ቀጥሎ ደረቱ ላይ። ቀጥሎ መሬት ለመሬት፣ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ፣ ተወርውሮ የሚደርስባቸውን። በመጨረሻ ጠንከር ያለ ምት ትመታና ያንንም እንዲይዝልህ ታደርጋለህ። ጎል አታስገባበትም። መረቡ ውስጥ የገባችን ኳስ ጎንበስ ብሎ ሲያወጣ ወገቡ ላይ አንድ ነገር ይቀራል፤ ከወገቡም ወደ ልቡ ይሄዳል። ጎል ማስገባት ተቃራኒው ቡድን የሚከፈልበት ሥራ ነው።

ሰይድ መጋዘን ከመቀጠሩ በፊት ሐይቁ ላይ ዓሣ ያጠምድ ነበር። ከኔ በጥቂት ዓመት ያንሳል፤ «ጋሽ ታዴ» ይለኛል፣ አክብሮትም ፌዝም አለበት።

«ጋሽ ታዴ፣ አንተ ስትመታልኝ ሁልጊዜ ጎበዝ ነኝ» አለኝ አንድ ቀን።

«ሥራዬ ነው።»

«ጨዋታው ውስጥስ ለምን እንዲህ አይመቱልኝም?»

«እነሱ ተጠባባቂ አይደሉማ።»

አንድ ዓመት ረመዷን ፋሲካን አልፎ፣ ውድድሩ ሳያልቅ ገባ። የተቀጠርኩለት ቀን ደረሰ ማለት ነው። ጠግቤ ገባሁ፤ አራት ጎል ገባብኝ። ከጨዋታው በኋላ ጋሽ ይመር አልተቆጡም። «እስካሁን የማላውቀውን ነገር አወቅኩ፤ የራበው ሰይድ ከጠገበው ታደሰ ይሻላል» አሉና ለሚቀጥለው ጨዋታ ሰይድን አሰለፉ። ዕቅዱ በዚሁ አበቃ። እኔ ግን አግዳሚው ላይ ቀረሁ፤ ጥበቃው እንደሆነ ያስፈልጋል።

ከዚያ ውድድር ያልተካሄደባቸው ዓመታት አለፉ። ለምን እንዳልተካሄደ የአገሬው ሰው ያውቀዋል። ተመልሶ ሲጀመር ሰይድ ሠላሳ ሊሞላው ነበር፣ እኔ ደግሞ በዕድሜ ከሱ ብሼ ነበር። ረመዷንም መንገዱን ቀጥሎ ሁዳዴ ላይ ደረሰ። ሁለቱ ጾሞች አንድ ላይ ዋሉ። ጋሽ ይመር እኔንና ሰይድን ከንፈራችን ደርቆ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሲያዩን «ሁለት ግብ ጠባቂ ቀጥሬ አንድ የበላ ልጣ» ብለው ወጡ።

በዚያው ሰሞን ለዋንጫ ደረስን፤ ተጋጣሚያችን የውጫሌ ቡድን ሆነ። ለኔ ጨዋታው የአገሬ ልጆች የሚያዩት ነው። ለሰይድ ግን ከዚያ ይበልጣል። ከኮምቦልቻ አንድ ትልቅ ቡድን ግብ ጠባቂ ሊመርጥ ሰው ልኳል። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ዕድል ሁለተኛ አይመጣም፤ ይህን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

«አንድ ቀን ብትተወውስ?» ብዬው ነበር ጾሙን።

«አንተ ትተወዋለህ?»

«አልተወውም።»

«እንግዲያስ አብሽር።»

ጨዋታው የሚጀመረው ዘጠኝ ሰዓት ነው። የኔ ጾም የሚፈታውም ዘጠኝ ሰዓት ነው። ጋሽ ይመር ይህን አስልተው ሽሮ ፍትፍት በፌስታል ይዘውልኝ መጡ። «ሰይድ ይጀምራል። አንተ እየበላህ ጠብቅ፤ ምናልባት ከደከመ» አሉኝ። ዳኛው ሲነፋ እኔ መጉረስ ጀመርኩ።

የውጫሌ ደጋፊ እንዲህ ያለ ነገር አያመልጠውም። አንዱ በአምባሰል ዜማ ግጥም አወጣብኝ፤ ግጥሙ እዚህ አይጻፍም። ሌላው «ታደሰ፣ ተጠባባቂ የሆንከው ለምሳ ነው እንዴ?» አለ። አንዲት እናቴን የምታውቅ ሴትዮ «ተዉት፣ ይብላበት። ከስቷል» ብላ ተከራከረችልኝ። ይህ ከግጥሙ የባሰ ነበር።

ሰይድ የመጀመሪያውን አጋማሽ እንደ ዓሣ ተገለባብጦ ጨረሰው። እኛ አንድ አገባን። በሁለተኛው አጋማሽ ከግቡ ጀርባ ሄጄ ቆምኩ። በሌላ ጊዜ እዚያ የምቆመው ውሃ ለማቀበል ነው፤ ያን ቀን ኳስ ሲርቅ አናቱና ማጅራቱ ላይ አፈስለት ነበር። የኮምቦልቻው ሰውዬ ከማዶ መስመር ላይ እጁን አጣጥፎ ቆሟል። ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲቃረብ ሰይድ ከፍ ያለ ኳስ ዘሎ ያዘ፣ መልሶ ጣለና ቋሚውን ተደገፈ። ዓይኑን ጨፈነ። አየሁት። ጋሽ ይመርም አዩት።

«ታደሰ! ተሟሟቅ! ትገባለህ!»

ልግባ አላሰኘኝም ብል ውሸት ነው። ያን ሁሉ ዓመት ተቀምጫለሁ። ጠግቤያለሁ። ግጥም ያወጣብኝ ሰው እዚያው አለ። አንድ እግሬን አንሥቼ መዘርጋት ጀምሬ ነበር።

ሰይድ ፊቱን ሳያዞር «ጋሽ ታዴ» አለኝ።

«አቤት።»

«ጫማህ ተፈትቷል።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። አልተፈታም። ተጠባባቂ ጊዜ ስላለው ጫማውን አሳምሮ ነው የሚያስረው፤ የኔ በድርብ ቋጠሮ ነው። ቀና ስል ሰይድ አሁንም ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል፤ አንገቱ ላይ ያፈሰስኩት ውሃ ይንጠባጠባል።

ተቀመጥኩና ጫማዬን ፈታሁ።

ጋሽ ይመር እየሮጡ መጡ። «ምን እየሠራህ ነው?»

«ጫማዬ ተፈታ።»

«እሰረዋ!»

«እያሰርኩ ነው።»

«ሁለቱም ናቸው እንዴ የተፈቱት?»

«አንዱን ካሰርኩ በኋላ ሌላው እንዳያስቸግረኝ ብዬ ነው።»

«ክሩን ለምን ታወጣዋለህ? ታደሰ፣ ክሩን ለምን ከቀዳዳው ታወጣዋለህ?»

«ተጠማዞ ነበር ጋሽ ይመር።»

ክሩን እንደገና በየቀዳዳው እየሰካሁ ሳለ ውጫሌዎች የማዕዘን ምት አገኙ። በዚያ ሰዓት ከሐይቁ የሚነሣ ነፋስ አለ፤ የተሻገረ ኳስ ወደ ግብ ይገፋል። ሰይድ በዚያ ነፋስ ጀልባ ቀዝፎበታል፤ ልነግረው አያስፈልግም። ቢሆንም «ነፋሱን!» አልኩት፤ ብቻውን እንዳይመስለው። ከቋሚው ተላቀቀ፣ ሁለት እርምጃ ወጣ፣ ከሁሉም ራስ በላይ ዘለለና ኳሱን በሁለት እጁ ይዞ ወደቀ። ከላዩ ላይ ተኝቶበት ቆየ። ዳኛው ተነሣ እስኪለው ድረስ አልተነሣም።

ጨዋታው ሲያልቅ የግራ ጫማዬ ገና አልታሰረም ነበር።

ጀምበር ስትጠልቅ ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ነበር። አዛን ሲሰማ ሰይድ ቢስሚላህ ብሎ ውሃውን ጠጣ፤ ቀጥሎ ከኔ ፌስታል የተረፈውን ሽሮ ጨረሰ። የኮምቦልቻው ሰውዬ ከጋሽ ይመር ጋር ተነጋግሮ ወደኛ መጣና ሰይድን ጨበጠው። እኔን «አንተ ማን ነህ?» አለኝ።

«ተጠባባቂው ነኝ።»

«አዎ፣ ጫማ የምታስረው» አለና ሄደ።

ሰይድ ኮምቦልቻ ገባ። እኔም በመጨረሻ ዋና ግብ ጠባቂ ሆንኩ። ለኔም ተጠባባቂ ተቀጠረልኝ፤ ጠንካራ ጎረምሳ ነው። በመጀመሪያው ጨዋታችን ሲያሟሙቀኝ ከቅርብ ርቀት አክርሮ እየመታ አምስቱንም ኳስ አግብቶብኝ፣ ጋሽ ይመር አይተውት እንደሆነ ዞር ብሎ ተመለከተ። እኔ ጎንበስ ቀና እያልኩ ኳሶቹን ከመረብ ለቀምኩ። ጨዋታው ሲጀመር ወገቤ የሽማግሌ ወገብ ሆኖ ነበር፤ ሦስት ገባብኝ። ጋሽ ይመር የውድድሩን ዓመት ሙሉ ታገሡኝ፤ ከዚያ ወደ ጥበቃው ብቻ መለሱኝ።

ሰይድ ከሄደ ጥቂት ወራት በኋላ ስልክ ደወለ።

«እንዴት ነህ፣ ኮምቦልቻ እንዴት ነው?» አልኩት።

«ሸጋ ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ጋሽ ታዴ፣ አግዳሚው ላይ እንዴት ነው የሚቀመጠው?»

«ተጠባባቂ አደረጉህ?»

«አዎ። ከኔ የሚሻል አለ። ወላሂ፣ አይቼዋለሁ፤ ይሻላል።»

ካርቶን ይዘህ ሂድ፣ ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል አልኩት። ጃኬትህን እስከ አንገትህ አትዝጋው፤ የተቀየምክ ያስመስልሃል። ከግቡ ጀርባ መቆም ከፈቀዱልህ እዚያ ቁም።

«ሌላስ?»

ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቁኝ ተጠባባቂዎች ሁሉ የምነግራቸውን ነገርኩት። በማሟሟቂያ ጊዜ ኳሱን እጁ ላይ ስጠው። ጫማህን ደግሞ በቶሎ በሚፈታ ቋጠሮ እሰር።