ሦስተኛው ቤት

መምህር ገብረ ኪዳን ሰው ይንቃል። ንቀቱን የተማረው ደብረ ወርቅ ቅኔ ቤት ሳለ ነው። ሁለት ዓመት ቅኔ ቆጥሮ፣ ከመጀመሪያዋ የቅኔ ዓይነት ከጉባኤ ቃና ሳያልፍ፣ ሸሽቶ አስኳላ ገባ። ቅኔውን ጥሎ ሲሄድ ንቀቱን ግን አልረሳም።

ዛሬ ይጁቤ ከተማ አማርኛ ያስተምራል፤ የሚኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። በየማለዳው መናኸሪያ ወርዶ ሚኒባስ ውስጥ ታጭቆ ይሄዳል፣ ማታ ጉልበቱ ደንዝዞ ይመለሳል። ይጁቤ ቤት አጥቶ አይደለም፤ "የማርቆስ ሰው" መባል ስለሚወድ ነው። ለዚች ክብር ሲል አልጋና ጠረጴዛ ተገፋፍተው የሚያድሩባት አንዲት ክፍል ከአቶ አምሳሉ ግቢ ተከራይቷል።

አቶ አምሳሉን ለመናቅ እንኳ ቅኔ ቤት መግባት አያሻም። ሲሚንቶ ሸጦ ግቢውን በክፍል ሞላው፤ ከዚያ ክፍሎቹ ውስጥ ሰው እንዳይታይ መጠበቅ ጀመረ። ተከራይ ይፈልጋል፣ ሰው አይፈልግም። በር በተንኳኳ ቁጥር ፎጣ አገልድሞ ብቅ ይልና "የማን እንግዳ ነው? መቼ ነው የሚወጣው?" ይላል። የገብረ ኪዳን ወንድም ከገጠር ሽሮ ይዞለት የመጣ ዕለት፣ ዶፍ እየወረደ፣ ሰውየውን ደጅ አቁሞ ሽሮውን ብቻ አስገባ።

እንግዲህ የሚለመነው ይህ ሰውዬ ነው። የገብረ ኪዳን ሚስት ጤናዬ፣ ጡት ካልጣለ ልጃቸው ጋር መርጡለ ማርያም ነው የምትኖረው። ስንት ደጅ የጠናችበት ዝውውር ተፈቅዶላት በሚቀጥለው ሰኞ ማርቆስ ሥራ ትጀምራለች። ገብረ ኪዳን ሌላ ቤት ያልጠየቀበት ሰፈር የለም። "ልጅ አለ?" ይሉታል፤ "አለ" ሲል በሩ ይዘጋል።

"ሰውየውን በትሕትና ለምነው፤ አደራህን፣ አፍህን ሰብስብ!" አለችው በስልክ። ባሏን ታውቀዋለቻ።

አጋጣሚው በሚካኤል ማኅበር ቀን መጣ። ተረኛው ደጋሽ አቶ አምሳሉ ነበርና እያቃሰተ በሩን ከፈተ፤ ካህናቱና ጎረቤቱ ገቡ፣ ተከራዮቹም ተጠሩ። ባለቤቱ ወይዘሮ ያለምወርቅ አደግድጋ ጠላ ትቀዳለች። ገብረ ኪዳን ስለ እሷ ያለው ሐሳብ አጭር ነበር፤ ከጋን በቀር የምታውቀው ነገር የለም።

ሁለተኛው ጣሳ ላይ አቶ አምሳሉ "መምህር፣ ቅኔ ታውቃለህ ይላሉ። እስቲ ቤቴን አመስግንልኝ" አለው።

ልመናው ምላሱ ላይ ነበር። ንቀቱ ቀደመው።

"እንዲህ ያለ ጌታ ከየት ይምጣ ሌላ፣
ጋሽ አምሳሉ እኮ ሰው ሲመጣ ጠላ!"

ካህናቱ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። ይህን ኅብር ትናንት የገባ ተማሪ ይፈታዋል፤ ሰሙ የሚጠጣው ጠላ ነው፣ ወርቁ ሰው መጥላት። ያልፈታው አቶ አምሳሉ ራሱ ብቻ ነው። "ድገምልኝ!" አለ፤ ተደገመለት። አጨበጨበ። "ዛሬ የፈለግኸውን ጠይቀኝ!"

"ሚስቴና ልጄ እዚህ ቢገቡ ብዬ..."

"ይምጡ! ይግቡ!"

ገብረ ኪዳን ሳቁን ዋጠ። ደደብን ሰድቦ ቤት መሸለም! ከዚህ በላይ ምን ሊቅነት አለ?

ወይዘሮ ያለምወርቅ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች።

"መምህር፣ ግጥምህ ስንት ቤት ናት?"

"ሁለት ቤት ናት፣ እንደ ጉባኤ ቃና።" ቀስ ብሎ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ነገራት።

"አባቴ ደብረ ወርቅ ቅኔ ሲያስቆጥሩ እኔ ከጓዳ ሆኜ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ቀጥሎ ያለው ዘአምላኪየ ሦስት ቤት ነው። አንተ ሳትደርስበት ወጣህ መሰለኝ። በል፣ እስከ ቅዳሜ ሦስተኛውን ቤት ፈልግ።"

የካህናቱ ሳቅ ቀጥ አለ። አቶ አምሳሉ ግን ስለ ግጥም የሚያወሩ መስሎት "አዎ፣ ፈልግ! ጨምርበት!" ብሎ እንደገና አጨበጨበ።

በማግስቱ ገብረ ኪዳን ቃሉን ሊያስታውሰው ቢሄድ፣ አቶ አምሳሉ መሬት መሬት እያየ "የግቢው ካርታ በእሷ ስም ነው" አለው። ወይዘሮ ያለምወርቅ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጌሾ ይለቅማሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ ገብረ ኪዳን "አንቺ" ብሎ በልቡ እንኳ አልጠራቸውም፤ ምን ይጠቅማል፣ ከረፈደ!

ጤናዬ ደወለች። "ምን አሉህ?"

ግጥሙን ነገራት። የሴትዮዋንም መልስ አልደበቀም፤ እንዲያውም እያደነቀ አፍታታላት። ከወዲያ የልጁ ለቅሶ ይሰማል።

"ገባኝ" አለች ጤናዬ። "አሁን ልጁን የት ላስተኛው? ሰሙ ውስጥ ነው ወርቁ ውስጥ?"