የባሬላው የታች ጫፍ

ይህ የደረሰብኝ በኢሕአዴግ ጊዜ፣ ላሊበላ ላይ ሆቴል በሆቴል ላይ ይሠራ በነበረበት ዘመን ነው። ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ይህን ግን አልረሳውም። ዛሬም ሁለት ሰዎች አንድ ሸክም ይዘው ዳገት ሲወጡ ካየሁ፣ ከታች ያለው ማን እንደሆነ ሳላይ አላልፍም።

ያን ጊዜ ከብልባላ ወደ ላሊበላ አግብቼ ከመጣሁ ገና ብዙ አልቆየሁም። ባለቤቴ ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወርዷል። እኔና አማቴ እማማ ጥሩወርቅ ገደል አፋፍ ላይ በሚሠራ ሆቴል የቀን ሥራ ገባን። ሥራችን ባሬላ ነበር፤ በሁለት አጣና ላይ ጣውላ የተመታበት፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ሆኖ የሚይዘው የድንጋይ ማመላለሻ።

ዳገቱ አያድርስ ነው! ሽቅብ ሲወጣ ድንጋዩ ሁሉ ወደ ኋላ ይንሸራተትና ከታች ባለው ሰው ላይ ይተኛል። ከታች እኔ ነበርኩ። ምራት ከላይ ሆና አማቷን ከታች ልታደርግ? እንኳን ማድረጉ ማሰቡም ነውር ነው።

እኔ ደግሞ ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ከዚያ በፊት አንዴ አስወርዶኛል። ያኔ ገና ሳይገፋ ለጎረቤት ስላወራሁ "ዓይን በላው" ተባለ። ስለዚህ ይሄኛውን ለእማማም ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ፎርማኑም ከሰማ "ሂጂ ቤትሽ" እንደሚለኝ አውቃለሁ።

በዚህ መሀል ከዩኒቨርሲቲ የመጣ አንድ ወጣት አጥኚ ሥራችንን ያይ ጀመር። "ሥራ ለሰው አካል እንዲመች ምን መደረግ እንዳለበት ነው የማጠናው" አለን። ሜትር ይዞ ዳገቱንም ቁመታችንንም ይለካል፤ የት ያማችኋል እያለ ይጠይቃል። እኛ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን" እንላለን። እማማ ጥሩወርቅማ ሜትሩን ሲዘረጋባቸው፣ "ገና ሳልሞት ሣጥን ልታሠራልኝ ነው ወይ ልጄ?" ብለው ሰውን ሁሉ አሳቁ።

ልጁ ግን ነገሩ ገብቶታል። "ከታች ያለው ሰው እየተጎዳ ነው። መንገዱ ዞር ዞር ብሎ ይቆፈር፤ ባሬላውም ማንገቻ ይግባለት፣ ክብደቱን ትከሻ ይጋራ። እስከዚያው በየምልልሱ ቦታ ተለዋወጡ" አለ። ፎርማኑ "እናያለን" አለ። እኛም "እሺ" አልን፤ ልጁ ዞር ሲል እንደነበርነው ቀጠልን።

በነጋታው ዳገቱ መሀል ላይ ሆዴን ቆረጠኝ። ልክ እንደ መጀመሪያው ጊዜ። ባሬላውን አስቀምጬ ቁጭ አልኩ። ይሄም ሊሄድብኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

እማማ ዞረው "ምን ሆንሽ?" አሉኝ።

"እግሬን አዳልጦኝ ነው።"

እጄ ሆዴ ላይ ነበር። አዩትና ፊታቸው ተለወጠ። "አንቺ! እኔን አፍረሽ የልጅ ልጄን ልትገድይብኝ ነው?"

"ኧረ እማማ ይተዉ፣ በማርያም!"

"ማርያምማ ታውቃለች፣ የወለደች ናት። ተነሺና የላይኛውን ጫፍ ያዢ።"

ሆዴ ትንሽ ሲለቀኝ ተነሳሁ። ባሬላ ያለ ሁለት ሰው አይሄድ፣ እኔ ከቀረሁ እሳቸውም ሥራ የላቸው። አንድ ድንጋይ ጠራቢ አይቶን፣ "ምራት ከላይ፣ አማት ከታች! ስምንተኛው ሺህ ገባ በሉኛ!" ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ሳቀ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እማማ "አንተ ድንጋይህን ጥረብ!" አሉት።

በሚቀጥለው ምልልስ ጉልበታቸው ከዳቸው። ጩኸታቸውን ሰምቼ ስዞር ባሬላው ተገልብጦ ድንጋዩ እግራቸው ላይ ነው። ጤና ጣቢያም ወሰድናቸው፣ ወጌሻም አየቻቸው፤ እግራቸው ግን አልዳነም። ከዚያ ወዲህ ያለ ምርኩዝ አልሄዱም።

ሰው "ያ የለካቸው ልጅ ነው ለዚህ ያበቃቸው" እያለ አወራ። ልጁ ቤታችን ድረስ መጥቶ በር ላይ ቆመ። "መንገዱ ሳይስተካከል ተለዋወጡ ማለት አልነበረብኝም" አለ፤ ዓይኑ ዕንባ አቅርሯል።

እማማ "ግባ ልጄ" አሉት። "ያ ጫፍ ሰው ይበላ ነበር። እኔን ባይበላ እሷን ይበላ ነበር።"

ከዚያ በኋላማ ምን ዋጋ አለው፣ መንገዱ ተቆፈረ፣ ማንገቻውም ተሠራ። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። የሳቸው እግር እስኪሰበር ምን ይጠብቁ ነበር?

ልጄ በሰላም ተወለደ። እማማ ጥሩወርቅ ያረፉት ዐምና ነው። ቃሬዛው የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት ሊወጣ ሲል ልጄ ሰው ገፍቶ ከታች በኩል ገባ። "ደክሞሃል፣ እንቀይርህ" ቢሉት እምቢ አለ። እስከ ላይ ድረስ ማንንም አላስጠጋም።

እኔ ከኋላ ሆኜ ሳየው ያን ጊዜ ያላለቀስኩት ሁሉ አንድ ላይ መጣብኝ። ልጄን ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ ወዲያው ደግሞ የእማማ እግር ይታየኛል። አንዱን ከሌላው ለይቼ ማየት እስከ ዛሬ አልቻልኩም።