ከኮረብታው ላይ የፋቅሁት ሰው

የካዛንቺሱ ቤታችን ሊፈርስ ሲል ወንድሜ ከግድግዳ ያወረደውን የአባቴን የእርሳስ ሥዕል ባለፈው ሳምንት ጎተራ ባለው ኮንዶሚኒየሜ ጠረጴዛ ላይ ስዘረጋው፣ እርጥበት የጠጣ ወረቀት ሽታ ክፍሉን ሞላው፤ ሥዕል መመርመር ሙያዬ ሆኖ ሳለ ምን እያየሁ እንደሆነ ግራ ገባኝ።

አባቴ የሕንፃ ፕላን ነዳፊ ነበር። ስድስት ቀን በማስመሪያ ሲያሰምር ሰንብቶ፣ አንድ ክረምት ሙሉ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ እሑድ እሑድ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ በመስኮቱ ሥር ይህን ገጠር ያለ ማስመሪያ ሣለ፦ ጭጋግ የዋጠው ኮረብታ፣ ብቸኛ ዛፍ፣ አንዲት ጎጆ፣ ከጎጆዋ ወደ ኮረብታው የሚወጣ ቀጭን መንገድ፣ በመንገዱም ላይ ጋቢ የተከናነበ አንድ ሰው።

በሰፈራችን ካዛንቺስ ተወልዶ ያደገ እንኳ «አገርህ ወዴት ነው?» ሲባል የአያቱን ቀዬ መጥራት ይጠበቅበታል፤ አባቴ ግን ፈገግ ከማለት በቀር መልሶ አያውቅም። ስለዚህ ጎረቤቶቻችን መልሱን ከሥዕሉ ፈለጉ። ልብስ ሰፊው ጋሼ ሽኩር «ይሄማ የኛ አገር ነው፤ ጉራጌነትህን ደብቀኸን ኖሯል» ሲሉት፣ ወሎዬዋ እትዬ ዘነቡ «አንተ ሽኩር፣ እንሰት የሌለበት ጉራጌ የት አይተህ ታውቃለህ?» ብለው ያፌዙባቸዋል።

«እንሰቱ ከጓሮ ነው» ይላሉ ጋሼ ሽኩር፣ ሳይሥቁ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበርና ጨዋታው አላሣቀኝም። ጎጆዋን እኛ፣ ሰውየውን አባቴ አድርጌ፣ ዝናቡ ሲያባራ ስሙን ወደማይነግረን አገር ጥሎን እንደሚሄድ ደመደምኩ። አንድ እሑድ ለቅሶ ሊደርስ ወደ ቄራ ሲወጣ ሰውየውን በትምህርት ቤት ላጲሴ ፋቅሁት፤ በቦታው ግራጫ እድፍ ብቻ ቀረ።

አባቴ ተመልሶ እድፉን አየ። ሥዕሉን ከነእድፉ ግድግዳው ላይ ሰቀለው፤ ከዚያ ወዲህ እሑድ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ ይቀመጥ ጀመር፤ የሚያወራን ነገር ግን አልነበረውም፤ ቤት ውስጥ እርሳስ ሲጨብጥም ዳግመኛ አላየሁትም። እኔ ይህን ድል ብዬ ቆጠርኩት።

አሁን፣ ለተማሪዎቼ እንደማሳየው፣ መብራቱን ከጎን አድርጌ እርሳሱ ወረቀቱ ላይ ተጭኖ የተወውን ጭረት መረመርኩ። ከእድፉ ሥር የሁለት ሰዎች ቅርጽ አለ፣ አንዱ ባንዱ ላይ፤ የአንደኛው እግሮች ወደ ኮረብታው ያመለክታሉ፣ የሌላው ወደ ጎጆዋ። አንዱን አባቴ ራሱ ፍቆታል፣ ሌላውን እኔ፣ ወዴት እንደሚሄድ ሳላስተውል። የትኛው በኋላ እንደተሣለ ሦስት ምሽት ብመለከትም መለየት አልቻልኩም፤ አባቴ በሕይወት ሳለ መጠየቅ ቀላል ነበር፣ አልጠየቅሁትም። ይህን ያህል ዓመት አባቴን እቤት ያስቀረሁት እኔ እንደሆንኩ አምኜ ኖሬአለሁ፤ ምናልባት ወደ እኛ ሲመጣ መንገድ ላይ አስቀርቼው ይሆናል።