የሲስተር ሞተርና የሚስማማት ዘይት

ሰፈርተኛው ሁሉ «ሲስተር» የሚላት አዋላጅ ነርስ፣ ከጤና ጣቢያው ወደ ወላዶች ቤት የምትመላለሰው በአንዲት አሮጌ ሞተር ሳይክል ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነድታታለች። ባሏ «ከእኔ ይልቅ የእሷን አመል ታውቂያለሽ» ሲላት አትክድም።

አንድ ቀን የባሏ ታናሽ ወንድም፣ ታክሲ ነጂው፣ ውለታ ልዋልላት ብሎ የሞተሯን ዘይት ቀየረላት።

«ለራሴ መኪና የማደርገውን ምርጡን ነው ያደረግኩልሽ!» አላት። እሷም መርቃ ሸኘችው።

በሳምንቱ ምጥ የያዛት ሴት አለች ተብላ ከዳገቱ ማዶ ተጠራች። ዳገቱ መሀል ላይ ሞተሯ አጓራች፤ ጎማው ግን አልገፋ አለ። ነዳጅ በሰጠቻት ቁጥር ጩኸት ብቻ! ሲስተር ሞተሯን አጥር ሥር አስጠግታ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ በእግሯ ወጣች። ስትደርስ ጎረቤቶች ሕፃኑን ተቀብለውታል። እናትም ልጅም ደህና ነበሩ። እሷ ግን እትብቱን ስታስር አንድ ሐሳብ አልለቃት አለ። እናቲቱን ደም ቢፈሳት ኖሮስ?

«አርጅታለች፤ ሽጫት» አላት ባሏ።

«እርጅና በሽታ አይደለም። የያዛትን ሳላውቅ አልሸጣትም።»

በማግስቱ መለዋወጫ ሱቅ ሄደች። ሻጩ «አሮጌ ሞተር ወፍራም ዘይት ነው የሚወደው» አላት። ተራ የሚጠብቅ ደንበኛ «ኧረ ቀጭን ነው!» ብሎ ጣልቃ ገባ። ሁለቱንም «ለምን?» አለቻቸው። እነሱ ግን ክርክራቸውን ቀጠሉ።

«እኔ የመድኃኒት ጽሑፍ ሳላነብ ለሰው አልሰጥም፤ ለሞተሬም አልሰጥም» ብላ ባዶ እጇን ወጣች።

ቤት ገብታ መሳቢያውን ሁሉ ገለበጠች። ከልጆቿ የትምህርት ካርድ ሥር፣ ጠርዙን አይጥ የበላው የሞተሯ መመሪያ ተገኘ። ይዛው «ባለመነጽሩ» ወደሚባሉት ጡረተኛ መካኒክ ሄደች። ሽማግሌው ገጹን አገላብጠው ጠየቋት።

«የመኪና ዘይት ነው ያደረጉላት?»

«አዎ፣ አባባ። ምርጡን።»

«ምርጥ ለመኪና ነዋ፣ ልጄ! የሞተሩን ጉልበት ለጎማው የሚያቀብለው ፍሪሲዮን፣ የመኪናው ደረቅ ነው። የሷ ግን እዚያው የሞተሩ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው የሚሠራው። ማንሸራተቻ ያለበት ዘይት ስታጠጪው ያሟልጨዋል፤ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ ጉልበቱ ጎማው ጋ አይደርስም። ውፍረቱን መጽሐፉ ነግሮሻል፤ ሃያ ደብልዩ ሃምሳ። ቆርቆሮው ላይ ደግሞ ኤም ኤ የሚል ፈልጊ፤ ፍሪሲዮኑ ዘይት ውስጥ ለሚሠራ ሞተር ሳይክል የተሠራ ማለት ነው።»

ፈልጋ አገኘች። ሞተሯን ትንሽ አሙቃ፣ ከሥር ሳፋ አድርጋ ብሎኑን ራሷ ፈታች። አሮጌው ዘይት ተንጠፍጥፎ ሲያልቅ አዲሱን በልኩ ሞላች። ዳገቱን ስትሞክር ግን ሞተሯ አሁንም ሸርተት አለች።

ታክሲ ነጂው ሳቀ። «እህት ዓለም፣ ነገሩ የዘይት አይደለም። ያንቺ ሞተር ቀኗ ደርሷል!»

ሲስተር ጥርሷን ነክሳ ወደ ሽማግሌው ተመለሰች።

«ፍሪሲዮኑ የጠጣውን ባንድ ቀን አይተፋም» አሏት። «ጥቂት ቀን ንጂና ድገሚው። ያኔም እምቢ ካለ ፍሪሲዮኑን እንቀይራለን።»

ደገመችው። ሳፋውን ለሁለተኛ ጊዜ ስታወጣ ባሏ የብሎን መፍቻውን አቀበላት። በሦስተኛው ቀን ሞተሯ ማርሽ በገባ ቁጥር ሸርተት ሳትል መሳብ ጀመረች። ሲስተር ዳገቱን ወጣች፣ ወረደች፣ ደግማ ወጣች።

ብዙም ሳይቆይ እኩለ ቀን ላይ ጥሪ መጣ። ያች አሮጌ ሞተር አንዴም ሳታመነታ አደረሰቻት። ሲስተር እየሮጠች ስትገባ ነፍሰ ጡሯ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ልብስ ታጥፋለች።

«ውይ ሲስተር፣ ምን አስቸኮለሽ? ገና መጀመሩ እኮ ነው!»

«አውቄ ነው፤ ዛሬ ሕፃኑ አይቀድመኝም» አለች ሲስተር፣ እጇን ለመታጠብ እጅጌዋን እየሰበሰበች።