ባለ አንድ ዓይን

ቦንጋ መናኸሪያ አጠገብ የፀጉር ቤቶችን ግድግዳ የሚስል ሰው አለ። ካፖርቱ ላይ ያልተንጠባጠበ የቀለም ዓይነት የለም። የእሱ ሥዕል የሌለበት ቤት ደንበኛ አይገባበትም እየተባለ፣ ፀጉር አስተካካዮች ከዋጫም ከሺሺንዳም መጥተው ወረፋ ይዘውለታል።

«ጋሼ፣ የፀጉሩ ቁርጥ እንዲታይ ከጎን ይሳሉልኝ» አለው አንዱ።

«እኔ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነኝ። እኛ ዘንድ ከጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳለው ሰይጣንና ከሐዲ ነው። ፀጉሩን ተቆረጠ ብዬ ሰው አልኮንንም!» ብሎ እንደ ወትሮው ባለ ሁለት ዓይን ወጣት ሳለለት።

የጀመረውን የመቅደስ ግድግዳ ለአንድ ሳምንት ብሎ ትቶ ከመጣ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

«ነገ እመለሳለሁ ስል ሌላ ግድግዳ ይመጣል» አለኝ፣ ብሩሹን እያጠበ።

ዕቃውን የሚያስቀምጥበትን ኪዮስክ በር ሲከፍት፣ ከበሩ ጀርባ የተሳለ ፊት አየሁ። ራሱ ነው፤ ካፖርቱም ሳይቀር። ዓይኑ ግን አንድ ነው።